የሚንገዳገድ ልጅ ሁሉ አንድ አይደለም

እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ በኋላ ደክሟችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ልጅ አቅፋችሁ መጥታችኋል። አመሰግናለሁ። ዛሬ የማወራው ስለ ልጆች አንጎልና ስለ ጨረር ሕክምና ነው። ርዕሱ ሲሰሙት ያስፈራል። በሁለት ልጆች ልጀምርና ቀስ ብለን እንግባበት። ልጆቹ የማንም ቤት ልጆች አይደሉም፤ ነገሩን ለማሳየት እኔ ያቀረብኳቸው ናቸው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ደግሞ ሁሉም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ልጅ ስድስት ዓመቱ ነው። ኳስ ይጫወት ነበር፤ ይሮጥ ነበር። ከሁለት ወር ወዲህ ጠዋት ጠዋት ራሱን ያመዋል። ከዚያ ያስመልሰዋል። ካስመለሰው በኋላ ቀለል ይለውና ትምህርት ቤት ይሄዳል። አሜባ ነው፣ ጃርዲያ ነው እየተባለ መድኃኒት ወስዷል። አሁን ሲራመድ እግሩን ከፈት አድርጎ ነው። ግድግዳ መያዝ ጀምሯል።

ሁለተኛዋ ልጅ አራት ዓመቷ ነው። በዓመቷ ቆማ ሄዳለች። እናቷ ግን አንድ ነገር ልብ ብለዋል። ሌሎች ልጆች ድክ ድክ ብለው በጥቂት ወራት ይጠነክራሉ። የእሷ ድክ ድክ አልቆም አለ። ንግግሯ ይጎተታል፤ ለሃጯ ይፈሳል። ወደ ጎን ማየት ስትፈልግ ዓይኗ ብቻውን አይዞርላትም፤ አንገቷን ወርወር ታደርጋለች። ጉንፋንና የሳንባ ምች ይመላለሱባታል። ጎረቤት “ስታድግ ይተዋታል” ይላል። የሕክምና ካርዷ ላይ ደግሞ “ሴረብራል ፓልሲ” ተብሎ ተጽፏል፤ ከመወለዷ በፊት ወይም በወሊድ አካባቢ አንጎሏ ተጎድቷል ማለት ነው።

ሁለቱም ይንገዳገዳሉ። ሁለቱም ችግራቸው ያለው በማጅራት በኩል ባለው ትንሹ አንጎል ላይ ነው፤ ሚዛናችንን የሚጠብቅልን እሱ ነው። የመጀመሪያው ልጅ ግን ጨረር ካላገኘ የመዳን ዕድሉ በጣም ይቀንሳል። ሁለተኛዋ በሌላው ሰው ልክ ጨረር ብትወስድ ልትሞት ትችላለች። ዛሬ የማወራው ስለዚህ ልዩነት ነው። ልዩነቱን ያወቅነው ማሽን ስለተሻሻለ ብቻ አይደለም። ልጆችን ዓመታት ሙሉ ተከታትለው፣ የሆነውን ሁሉ መዝግበው ያቆዩ ሰዎች ስለነበሩ ነው።

መጀመሪያ ጨረር ምን እንደሚሠራ እንይ። ጨረር ሴል ውስጥ ገብቶ ዲኤንኤ ይበጥሳል። ዲኤንኤ ሁለት የተጠማዘዙ ክሮች አሉት። አንዱ ብቻ ከተበጠሰ ሴሉ በቀላሉ ይጠግነዋል። ሁለቱም በአንድ ቦታ ሲበጠሱ ግን ከባድ ነው። ካንሰሩን የሚገድለውም ይኸው ነው። ጤነኛው ሴል ከካንሰሩ ሴል የተሻለ የመጠገን አቅም አለው። ስለዚህ ሐኪሞቹ ጨረሩን በአንድ ቀን አይጨርሱትም። ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይሰጣሉ። የጨረር መጠን የሚለካው ግሬይ በሚባል መለኪያ ነው። ለልጅ አንጎል የተለመደው በቀን 1.8 ግሬይ ነው። ዕጢው ላይ 54 ግሬይ ይድረስ ከተባለ 30 ቀን፣ ማለትም ስድስት ሳምንት ይፈጃል። በየሌሊቱ ጤነኛው ሴል የተበጠሰበትን ይጠግናል። ጠቅላላ ስሌቱ በዚህ ጥገና ላይ የቆመ ነው።

ጥገናው የማይሠራለት ልጅስ?

የሁለተኛዋ ልጅ በሽታ አታክሲያ ቴላንጂየክታዥያ ይባላል። ስሙ ረጅም ስለሆነ ሐኪሞች በአጭሩ ኤቲ ይሉታል። ብርቅ በሽታ ነው። ከ40,000 እስከ 100,000 ከሚወለዱ ልጆች አንዱን እንደሚይዝ ይገመታል። በ1926 ሲላባና ሄነር የሚባሉ የቼክ ሐኪሞች፣ በ1941 ደግሞ ዴኒዝ ሉዊ ባር የምትባል ቤልጅየማዊት ሐኪም እንዲህ ያሉ ልጆችን ገልጸዋል። በሽታው ራሱን ችሎ የታወቀው ግን በ1957 እና በ1958 ነው። ኤሌና ቦደርና ሮበርት ሴጅዊክ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ልጆቹን ሰብስበው፣ የሞቱትንም አስከሬን መርምረው ጻፉ። መንገዳገዱን፣ በዓይን ነጩ ላይ የሚታዩትን ቀያይ ቀጫጭን የደም ስሮችና ተደጋጋሚውን የሳንባ ሕመም ያያያዙት እነሱ ናቸው።

ቀጥሎ የመጣው አሳዛኝ ነው። እነዚህ ልጆች በካንሰር ቶሎ ይያዛሉ፤ በተለይ ሊምፎማ በሚባለው የንፍፊት ካንሰርና በደም ካንሰር። ከሦስትና ከአራት ልጆች አንዱ ላይ ይደርሳል። በ1960ዎቹ ሊምፎማ የያዘው ልጅ ሲመጣ ሐኪሞቹ የሚያውቁትን አደረጉ። ሌላው ልጅ በደህና የሚችለውን የጨረር መጠን ሰጡ። ቆዳው ተቃጠለ፤ ጉሮሮው ቆሰለ፤ ውስጡ ተጎዳ። ልጆች በካንሰሩ ሳይሆን በሕክምናው ሞቱ። በ1967 እና በ1968 የአሜሪካ ሐኪሞች ይህን በሕክምና መጽሔት ላይ ጽፈው አወጡት።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። እነዚያ ሐኪሞች ዝም ማለት ይችሉ ነበር። “ካንሰሩ ከባድ ነበር” ብለው ካርዱን ቢዘጉት ማንም አይጠይቃቸውም። እነሱ ግን በእጃቸው የደረሰውን ጉዳት ከነመጠኑ፣ ከነቀኑ ጻፉት። ሌላ አገር ያለ ሐኪም አነበበውና ተጠነቀቀ። እኔ ለእነሱ ያለኝ አክብሮት በቃል የሚወጣ አይደለም። ስለ ጨረር ደኅንነት ስናወራ ማሽኑን፣ የእርሳስ ግድግዳውንና የመለኪያ ባጁን ነው የምናስበው። ያ ሁሉ ያስፈልጋል። ግን “ይህ ሕክምና ልጄን ጎድቶታል” ብሎ በሐቅ የሚመዘግብ ሰው ከሌለ ቀጣዩ ልጅ በዚያው መንገድ ይጎዳል።

ከጽሑፎቹ በኋላ ተመራማሪዎች ጥያቄውን ወደ ላቦራቶሪ ወሰዱት። በ1975 ማልኮልም ቴይለርና ባልደረቦቹ እንግሊዝ ውስጥ ከእነዚህ ልጆች ቆዳ ትንሽ ወስደው ሴሎቹን አሳደጉ። ከዚያ ጨረር ለቀቁባቸው። ጤነኛ ሴሎች በሚተርፉበት መጠን የእነዚህ ልጆች ሴሎች አለቁ። ነገሩ በአንድ ሆስፒታል የተፈጠረ የመጠን ስህተት አለመሆኑ ታወቀ። በልጆቹ እያንዳንዱ ሴል ውስጥ ያለ ጉድለት ነበር።

ጉድለቱን የሚያመጣውን ጂን ለማግኘት ሃያ ዓመት ፈጀ። በ1988 የሪቻርድ ጋቲ ቡድን በክሮሞሶም 11 ላይ እንዳለ አሳየ። በአሜሪካ የሚኖር የአሚሽ ማኅበረሰብ ቤተሰብ ለዚህ ብዙ ረድቷል። በ1995 ደግሞ የቴል አቪቩ ዮሴፍ ሺሎህ ከብዙ አገር ባልደረቦቹ ጋር ጂኑን አገኘው። ኤቲኤም ተብሎ ተሰየመ። ይህ ጂን የሚሠራው ፕሮቲን እንደ ሌሊት ዘበኛ ነው። የዲኤንኤ ሁለቱም ክር ሲበጠስ ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው። አይቶ ይጮኻል፤ ሴሉ እንዳይከፋፈል ያስቆማል፤ ጠጋኞቹን ይጠራል። የኤቲ ልጆች ይህ ዘበኛ የላቸውም። ስለዚህ በየሌሊቱ መሠራት የነበረበት ጥገና አይሠራም። ሴሉ ወይ ይሞታል ወይ እንደተሰበረ ይባዛል። የሚባዛው ነው ካንሰር የሚያመጣው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ልጅ እንመለስ።

የእሱ በሽታ የአንጎል ካንሰር ዕጢ ነው፤ ሜዱሎብላስቶማ ይባላል። በልጆች ላይ ከሚታዩ አደገኛ የአንጎል ዕጢዎች በብዛት የሚገኘው ይህ ነው። በ1925 ቤይሊና ኩሺንግ ሲገልጹት ዋናው ሕክምና ቀዶ ሕክምና ነበር። ዕጢውን ያወጡታል፤ ተመልሶ ይመጣል። ሴሎቹ በአንጎልና በአከርካሪ ዙሪያ ባለው ፈሳሽ ውስጥ እየተንሳፈፉ ሌላ ቦታ ያርፋሉ። በ1953 ፓተርሰንና ፋር የተባሉ የማንችስተር ሐኪሞች አንድ ነገር አሳዩ። ዕጢው ያለበትን ብቻ ሳይሆን መላውን አንጎልና አከርካሪ በጨረር ካከምን ልጆች ይተርፋሉ። እስከዚያ ድረስ የሞት ፍርድ የነበረው በሽታ ተስፋ አገኘ።

ዋጋው ግን ከባድ ነበር። መጠኑ ለመላው አንጎልና አከርካሪ 36 ግሬይ ገደማ ነው። የልጅ አንጎል ገና እየተሠራ ነው። የነርቭ ክሮች በሽፋን እየተጠቀለሉ መልእክት ማፍጠን የሚጀምሩት በእነዚህ ዓመታት ነው። ጨረሩ ይህን ሥራ ያጓጉለዋል። ልጁ ድኖ ወደ ክፍል ይመለሳል፤ የተማረውንም አይረሳም። አዲሱን የሚይዝበት ፍጥነት ግን ይቀንሳል። በየዓመቱ ከእኩዮቹ ትንሽ ትንሽ ወደ ኋላ ይቀራል። ዕድሜው ባነሰ መጠን ጉዳቱ ይብሳል። የእድገት ሆርሞን ያንሰዋል። የታይሮይድ ዕጢው ይዳከማል። አከርካሪው በደንብ አያድግም፤ ስለዚህ ቁመቱ አጭር ይሆናል። ሲስፕላቲን የሚባለው የኬሞ መድኃኒት ከተጨመረ መስማቱም ሊቀንስ ይችላል። አስተማሪው “ሰነፍ ሆነ” ይላል። ልጁ ግን አልሰነፈም።

ስለዚህ ተመራማሪዎቹ አንድ ጥያቄ ይዘው ተነሱ፤ ስንት ይበቃል? መጀመሪያ መጠኑን ከ36 ወደ 23.4 ግሬይ ዝቅ አድርገው፣ ያለ ኬሞ ሞከሩት። ዕጢው ቶሎ የሚመለስባቸው ልጆች በዙ፤ ጥናቱ ቆመ። ቀጥለው 23.4 ግሬይ ላይ ኬሞ ጨመሩበት። በ1999 እና በ2006 የወጡት ውጤቶች ደስ የሚያሰኙ ነበሩ። በሽታው ካልተሰራጨባቸው አሥር ልጆች ስምንት ያህሉ ከአምስት ዓመት በኋላም በሽታው አልተመለሰባቸውም። ከጨረሩ አንድ ሦስተኛው ያህል ተቀነሰ፤ የሚድኑት ልጆች ቁጥር ግን አልቀነሰም። ዛሬ ይህ የተለመደ ሕክምና ነው።

ከዚያ “አሁንም ዝቅ እናድርገው” ተባለ። ከ3 እስከ 7 ዓመት ያሉ ልጆች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ 23.4፣ ግማሾቹ 18 ግሬይ ወሰዱ። ውጤቱ በ2021 ታተመ። 23.4 ከወሰዱት 83 በመቶው፣ 18 ከወሰዱት 71 በመቶው በሽታው ሳይመለስባቸው አምስት ዓመት አለፉ። ዝቅ ማድረጉ አልሠራም። በዚያው ጥናት ሌላ ጥያቄም ነበር። ተጨማሪውን ጨረር በትንሹ አንጎል ዙሪያ ባለው ቦታ ሁሉ ከመስጠት ይልቅ ዕጢው በነበረበት ቦታ ብቻ ብንሰጥስ? ይህኛው ሠራ። የልጆቹ ውጤት ሳይቀንስ ብዙ ጤነኛ አንጎል ከጨረር ተረፈ።

ይህን በቁጥር የዘረዘርኩት ለምክንያት ነው። ብዙ ወላጅ ጥናት ሲባል ይደነግጣል። “ልጄን መሞከሪያ ሊያደርጉት ነው?” ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መጠየቅም አለበት። ግን እስቲ አስቡት። ያ ጥናት ባይደረግ ኖሮ ደግ ሐኪሞች በልባቸው አዝነው፣ እያንዳንዳቸው በየሆስፒታሉ መጠኑን ወደ 18 ያወርዱት ነበር። “ትንሽ ጨረር ለልጅ ይሻላል” ማለት ትክክል ይመስላል። ከመቶ ልጆች አሥራ ሁለቱ ላይ ተጨማሪ ጉዳት እንደደረሰ ማንም ሳያይ ዓመታት ያልፉ ነበር። በደንብ በተሠራ ጥናት ውጤቱን ከሐኪሞቹ ተለይቶ የሚከታተል ቡድን አለ። አንደኛው መንገድ እየጎዳ ከመሰለ ያስቆማል። ወላጅም ፈርሞ ከገባ በኋላ በፈለገ ጊዜ መውጣት ይችላል፤ የልጁ ሕክምና አይቋረጥም። ወረቀቱን ስትፈርሙ በምታውቁት ቋንቋ እንዲነበብላችሁ ጠይቁ። አማርኛ አስተርጓሚ የሚቀርብባቸው ሆስፒታሎች በአሜሪካም በእስራኤልም አሉ። ዘመድ እንዲያስተረጉም አትተዉት፤ ዘመድ ክፉውን ቃል እየሸፈነ ነው የሚያስተረጉመው።

ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው። ከ1993 ጀምሮ የታተሙ ጥናቶች ኬሞን አስቀድሞ ጨረሩን ማዘግየት እንደሚቻል አሳይተዋል። በ2005 የጀርመን ተመራማሪዎች ከእነዚህ ሕፃናት የተወሰኑት ያለ ጨረር ጭራሹን እንደሚድኑ አሳዩ። የዕጢው ዓይነት በጂን ሲለይም ሌላ በር ተከፍቷል። አንዳንዱ ዓይነት በጣም በደንብ ስለሚድን ለእሱ መጠኑን መቀነስ ይቻል እንደሆነ አሁን እየተጠና ነው።

ጨረር ሒሳቡን የሚያመጣው ዘግይቶ ነው። ለዚህ ከእስራኤል የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ከ1948 እስከ 1960 ባሉት ዓመታት የራስ ጭርት የያዛቸው ብዙ ልጆች በጨረር ታከሙ። አብዛኞቹ ከሰሜን አፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ የገቡ ስደተኞች ልጆች ነበሩ። በዚያ ዘመን በብዙ አገር የተለመደ ሕክምና ነበር። አንጎላቸው ያገኘው በአማካይ 1.5 ግሬይ ነው፤ ከካንሰር ሕክምና ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ባሩክ ሞዳን፣ በኋላም ኢሌን ሮንና ሲጋል ሳደትስኪ 10,834 የታከሙ ሰዎችን ካልታከሙ ሰዎችና ከወንድም እህቶቻቸው ጋር እያወዳደሩ ለአሥርት ዓመታት ተከታተሉ። በ1988 የወጣው ውጤት የአንጎልና የነርቭ ዕጢ በእነሱ ላይ ወደ ሰባት እጥፍ እንደሚበዛ አሳየ። ልጆቹ ያደጉ፣ ያገቡ፣ የወለዱ ሰዎች ሆነው ነበር። በ1994 የእስራኤል ፓርላማ የካሳ ሕግ አወጣ። ያ ሕግ ሊኖር የቻለው ስማቸውን የያዘ መዝገብ ስለነበረ ነው።

እንግዲህ ሁለቱን ልጆች እንዴት እንለያቸው? መጀመሪያ ጊዜውን ጠይቁ። ዕጢው በሳምንታትና በወራት ነው የሚሮጠው። ትናንት የሚችለውን ዛሬ አይችልም። የጠዋት ራስ ምታትና ማስመለስ አብሮት አለ። ለዚህ ልጅ መዘግየት አይገባም፤ የአንጎል ኤምአርአይ፣ ካልተገኘም ሲቲ ስካን ያስፈልገዋል። ኤቲ ግን ቀስ ይላል። መራመድ ከጀመረበት ቀን አንስቶ ያለ ነው። በዓይን ነጩ ላይ ያሉት ቀያይ ስሮች ዘግይተው ይመጣሉ፤ ብዙ ጊዜ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ ዓይኑ ንጹሕ ነው ብሎ መተው አይቻልም። አብዛኞቹ ልጆች አሥር ዓመት አካባቢ ተሽከርካሪ ወንበር ያስፈልጋቸዋል። አእምሯቸው ግን ብሩህ ነው። ይህን አጥብቄ እናገራለሁ፤ ንግግራቸው ስለተጎተተ ብቻ ከትምህርት ቤት የሚቀሩ አሉና።

አንድ ቀላል የደም ምርመራ አለ። አልፋ ፌቶፕሮቲን ይባላል። አዋቂዎች ላይ ለጉበት ካንሰር የሚታዘዘው ነው፤ ስለዚህ በከተሞቻችን ትልልቅ ላቦራቶሪዎች አይጠፋም። ሕፃናት ላይ በተፈጥሮው ከፍ ያለ ነው። ከሁለት ዓመት በላይ ሆኖት የሚንገዳገድ ልጅ ላይ ከፍ ካለ ግን ኤቲን መጠርጠር ግድ ነው። የኤቲ ልጆች ከ95 በመቶ በላይ ከፍ ይልባቸዋል። “ሴረብራል ፓልሲ” ተብሎ ግን ሁኔታው እየባሰ የሚሄድ ልጅ ካያችሁ ደግማችሁ ጠይቁ። ሴረብራል ፓልሲ በራሱ እየባሰ አይሄድም።

የአገራችንንም ነገር ልበል። በኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና የተጀመረው በ1997 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው፤ በኮባልት ማሽን። ከሃያ ዓመት በላይ በአገሩ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ይህ ሆስፒታል ብቻ ነበር። አሁን ዘመናዊ ማሽኖች ገብተዋል፤ ከአዲስ አበባ ውጭም ተጀምሯል። ወረፋው ግን ዛሬም ረጅም ነው። ለሜዱሎብላስቶማ ወረፋ ራሱ የደኅንነት ጉዳይ ነው። የአውሮፓ ጥናት እንዳሳየው ጨረሩ በ50 ቀን ውስጥ ሲጠናቀቅ ውጤቱ ይሻላል። ማሽን ተበላሽቶ፣ የትራንስፖርት ብር አልቆ፣ ለበዓል አገር ቤት ተሄዶ ሁለት ሳምንት ሲዘለል ዕጢው ዕድል ያገኛል። ስለዚህ ለታመመ ልጅ ገንዘብ የምታሰባስቡ ሰዎች የሕክምናውን ብቻ አታስቡ። ከክፍለ ሀገር የመጣች እናት ስድስት ሳምንት የምታድርበት ቤትና የምትበላው ያስፈልጋታል። ጨረሩን ከሚያስጀምረው ብር ይልቅ የሚያስጨርሰው ብር ነው የሚጠፋው።

ለኤቲ እስካሁን የሚያድን መድኃኒት የለም። ጥናቱ ግን አልቆመም። በ2006 የጣሊያን ሐኪሞች አንድ የሦስት ዓመት ልጅ ለአስም ቤታሜታዞን የሚባል መድኃኒት ሲሰጠው አረማመዱ እንደተሻለ ጻፉ። ከዚያ ተነስቶ ተመሳሳይ መድኃኒት በልጁ በራሱ ቀይ የደም ሴል ውስጥ አስገብቶ መስጠት ተሞከረ። ትልቁ ጥናት በ2024 ታተመ። በዋናው መለኪያ ከማስመሰያው መድኃኒት በግልጽ አልበለጠም፤ ትንንሾቹ ልጆች ላይ ግን ተስፋ የሚሰጥ ነገር ታየ። በቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል ደግሞ ተመራማሪዎች ለአንዲት የኤቲ ልጅ፣ ለእሷ የጂን ስህተት ብቻ የተሠራ መድኃኒት ሰጡ። በ2023 ሲጽፉ ለሦስት ዓመት ያህል ከባድ ጉዳት አላዩም። የ235 ታካሚዎችን ጂን አጥንተውም እንዲህ ያለ ሕክምና 9 በመቶው ላይ ሊሠራ እንደሚችል፣ 6 በመቶው ላይ ደግሞ ምናልባት እንደሚሆን ገምተዋል። ቁጥሩ ትንሽ ነው። በሽታው መድኃኒት የለውም ተብሎ ለተነገራት እናት ግን ትንሽ አይደለም።

ጥያቄ ካላችሁ እሰማለሁ።

አንዲት እናት ልጃቸው ከአልጋ ወድቆ ሲቲ ስካን መነሳቱን ነግረውኛል። “ካንሰር ይይዘዋል ወይ?” ነው የሚሉት። እማማ፣ አይጨነቁ። በ2012 በእንግሊዝ የታተመ ትልቅ ጥናት አለ። ከአሥር ዓመት በታች የሆኑ 10,000 ልጆች የራስ ሲቲ ቢነሱ፣ በአሥር ዓመት ውስጥ አንድ ተጨማሪ የደም ካንሰርና አንድ ተጨማሪ የአንጎል ዕጢ ይገኛል የሚል ግምት ነው። ለአንድ ልጅ በጣም ትንሽ አደጋ ነው። ሐኪሙ ያዘዘው የአንጎል መድማት ፈርቶ ከሆነ ትክክል አድርጓል። ልክ ያልሆነው ሌላ ነው። ልጁ ተነስቶ እየተጫወተ፣ ሐኪሙ አያስፈልግም እያለ፣ “ለማንኛውም እናንሳው” ብለን በግል ከፍለን የምናስነሳው ነው። በሌላ ሆስፒታል የተነሳውን ፊልም ወይም ሲዲ ይዛችሁ ሂዱ፤ ያኔ ድጋሚ አይነሳም።

ለኤቲ ልጅ ግን ጥንቃቄው ይብሳል። ኤምአርአይ ወይም አልትራሳውንድ ከበቃ ሲቲ አይነሳም። ሳልና የሳንባ ምች ስለሚመላለስበት ቲቢ ነው እየተባለ ራጅ ይደጋገምበታል። የግድ ሲሆን አንድ ራጅ አይከለከልም፤ መደጋገሙ ነው ጥፋቱ። ካንሰር ከያዘውም ሐኪሙ ስለ ኤቲ ቀድሞ ማወቅ አለበት። ጨረሩ ብቻ አይደለም፤ ብሌኦማይሲንን የመሰሉ የኬሞ መድኃኒቶችም ዲኤንኤ ስለሚበጥሱ አይስማሙትም። ካርዱ የፊት ገጽ ላይ በቀይ ይጻፍ። ወላጅም ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ ስልኩ ላይ ይያዘው። የካርድ ክፍል ካርድ ሲጠፋ ያየን ሁሉ ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ እናውቃለን።

ወዲህ ያሉት ወንድሜ ደግሞ “እኛ ሰባት ቤት ቆጥረን ነው የምንጋባው፤ እንዲህ ያለ በሽታ እኛ ቤት አይገባም” አሉ። ሰባት ቤት መቁጠር በእርግጥ ይረዳል። ልጅ ኤቲ የሚይዘው ከእናትም ከአባትም የተበላሸ ጂን ሲወርስ ነው። ዘመዳሞች ሲጋቡ ይህ ይበዛል፤ የአጎትና የአክስት ልጅ ማግባት ልማድ በሆነባቸው ማኅበረሰቦች እንዲህ ያሉ በሽታዎች በብዛት የሚታዩት ለዚህ ነው። ነገር ግን ከመቶ ሰው አንዱ ገደማ ይህን ጂን በአንድ በኩል ይሸከማል፤ ራሱ አይታመምም። ምንም ዝምድና የሌላቸው ሁለት ተሸካሚዎች ተገናኝተው ሊጋቡ ይችላሉ። ያኔ በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ ዕድል አለ። ከወላጆች የማንም ጥፋት አይደለም።

ስለዚህ ልጁ ኤቲ አለበት ከተባለ የታናናሾቹም ነገር ይታይ። እናትየውም ራሳቸውን አይርሱ። ጂኑን የሚሸከሙ ሴቶች በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይሆናል። ተሸካሚ መሆን እንደ ልጁ ጨረር የሚከለክል አይደለም፤ ቢታመሙም እንደ ማንኛዋም ሴት ሊታከሙ ይችላሉ። የጡት ምርመራውን ግን ከሌሎች ሴቶች ቀደም ብለው ይጀምሩ። ከስንት ዓመታቸው ጀምሮ፣ በምን ዓይነት ምርመራ የሚለውን ከሐኪማቸው ጋር ይነጋገሩ። ሲሄዱም የልጁን የጂን ምርመራ ውጤት ኮፒ ይዘው ይሂዱ።